የስም ጉዳይ፦ ጁሊየስ ሽዋርትዝ በአርታኢ ወንበር ላይ

መጽሐፍ ታትሞ ሲወጣ የደራሲው ስም በሽፋኑ ላይ ጎልቶ ይታያል፤ ሥዕል ካለበት የሠዓሊው ስም በውስጥ ገጽ ይጠቀሳል፤ የማተሚያ ቤቱም ስም ቢሆን ከአንዱ ጥግ አይጠፋም። የአርታኢው ስም ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሥራ ባልደረቦቹ አልፎ አይሄድም። ረቂቁን አንብቦ፣ የጎደለውን አስሞልቶ፣ የተንዛዛውን አስቆርጦ ለኅትመት የሚያበቃው ይህ ሰው በአንባቢ ዘንድ የሚታወስበት አጋጣሚ ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጁሊየስ ሽዋርትዝ ከእነዚያ ጥቂቶች አንዱ ነው። ይህ ሰው ከ1944 እስከ 1986 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለ42 ዓመታት ያህል በኒውዮርክ ከተማ በሥዕል የሚተረኩ መጽሔቶችን፣ በተለምዶ ኮሚክ የሚባሉትን፣ ሲያዘጋጅ ኖሯል።

ኮሚክን እንደ ልጆች መጫወቻ ብቻ የሚቆጥር አንባቢ፣ ይህ ሰው ለማኅበራችን መጽሔት ምን ቁም ነገር ይዞ መጣ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በሌላው የኅትመት ዘርፍ ተሸፋፍኖ የሚያልፈው የደራሲና የአሳታሚ ግንኙነት በኮሚክ ዓለም ዕርቃኑን ወጥቶ ይታያል። በሽዋርትዝ ዘመን ደራሲው በገጽ ሒሳብ ይከፈለው ነበር፤ ሠዓሊውም እንዲሁ። ክፍያውን በተቀበለበት ቅጽበት የፈጠራው ባለቤትነት ለአሳታሚው ይተላለፋል፤ ስሙም ብዙ ጊዜ ከገጹ ላይ አይወጣም። በዚህ ሥርዓት ውስጥ አንድ እግሩን ከደራሲው፣ አንድ እግሩን ከአሳታሚው ዘንድ አድርጎ የሚቆመው አርታኢው ነው። የሽዋርትዝ ታሪክ የዚህ አቋቋም ታሪክ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ሽዋርትዝ ከሩማንያ ከፈለሱ አይሁዳውያን ወላጆች ጁን 19 ቀን 1915 በኒውዮርክ፣ ብሮንክስ በተባለው የከተማው ክፍል ተወለደ። የወጣትነት ፍቅሩ በርካሽ ወረቀት ይታተሙ የነበሩት የሳይንስ ልብ ወለድ መጽሔቶች ነበሩ። ከእነዚህ አንዱ፣ ሁጎ ጌርንስባክ የመሠረተው አሜዚንግ ስቶሪስ፣ የአንባብያንን ደብዳቤ ከነሙሉ አድራሻቸው ያትም ነበር። ነገሩ እንደ ዋዛ የሚታይ ነው፤ ውጤቱ ግን ቀላል አልነበረም። በየከተማው ብቻቸውን ሲያነቡ የነበሩ ወጣቶች አድራሻ እየተመለከቱ እርስ በርሳቸው መጻጻፍ ጀመሩ፤ ከመጻጻፍም አልፈው ክበብ አቋቋሙ። ሽዋርትዝም ሞርት ዋይሲንገር ከተባለ እኩያው ጋር የተገናኘው ከእነዚህ ክበቦች በአንዱ ነው። በ1932 ሁለቱ ወጣቶች በካሊፎርንያ ይኖር ከነበረው ከፎረስት አከርማንና ከሌሎች ጋር ሆነው ዘ ታይም ትራቭለር የተባለች አነስተኛ መጽሔት አወጡ። አንባብያን ራሳቸው ለአንባብያን ካዘጋጇቸው የሳይንስ ልብ ወለድ መጽሔቶች ከመጀመሪያዎቹ መካከል ትቈጠራለች።

በ1934፣ ሁለቱም ሃያ ዓመት ሳይሞላቸው፣ ሶላር ሴልስ ሰርቪስ የተባለ የደራስያን ወኪል ድርጅት ከፈቱ። በሳይንስ ልብ ወለድ ላይ ብቻ በማተኰር በዓይነቱ የመጀመሪያው እንደ ነበር ይነገርለታል። የድርጅቱ ሥራ የደራሲውን ረቂቅ ይዞ በየመጽሔቱ አዘጋጅ ደጅ መዞር፣ ሲሸጥም ከዋጋው ድርሻ መውሰድ ነበር። ዋይሲንገር ብዙም ሳይቆይ ወደ መጽሔት አዘጋጅነት ሲሄድ ሽዋርትዝ ሥራውን ብቻውን ቀጠለ። ከደንበኞቹ መካከል አልፍሬድ ቤስተር፣ ሮበርት ብሎክና ገና ጀማሪ የነበረው ሬይ ብራድበሪ ይገኙባቸዋል። በ1936 የታተመውን የላቭክራፍትን ረጅም ታሪክ፣ በአንታርክቲካ የሚፈጸመውን፣ ለአስታውንዲንግ መጽሔት የሸጠውም እርሱ ነው። ስለዚህ ሽዋርትዝ ወደ አርታኢነት የመጣው ለአሥር ዓመታት ያህል ከደራሲው ጎን ተሰልፎ፣ በደራሲው ስም እየተከራከረ፣ እንጀራውንም ከዚያ እያገኘ ከኖረ በኋላ ነው። ይህ ነጥብ ኋላ ስለሚያስፈልገን አንባቢ እንዲያስታውሰው እንወዳለን።

በ1944 ግሪን ላንተርን የተባለውን ጀግና ታሪክ ይጽፍ የነበረው ቤስተር፣ ኦል አሜሪካን ኮሚክስ አርታኢ እንደሚፈልግ ለወኪሉ ነገረው። ሽዋርትዝ ራሱ በኋላ ደጋግሞ እንዳወጋው፣ እስከዚያ ቀን ድረስ አንድም ኮሚክ አንብቦ አያውቅም ነበር፤ ለፈተናው ሲሄድ ጥቂት ቅጂዎች ገዝቶ በምድር ውስጥ ባቡር ላይ አገላበጣቸው። ሸልደን ሜየር የተባለው የሥራው ኃላፊ አነጋግሮ ቀጠረው። ድርጅቱም ወዲያው ከእኅት ኩባንያው ጋር ተዋሐደ፤ ከጊዜ በኋላ ዲሲ በሚል ስም የታወቀው አሳታሚ ይህ ነው።

የገባበት ጊዜ ግን የዘርፉ ፀሐይ የምታዘቀዝቅበት ነበር። በጦርነቱ ዓመታት ለወታደሩም ለልጁም በብዛት ይሸጡ የነበሩት የባለ ተአምር ጀግኖች ታሪኮች ከሰላም በኋላ ገበያ አጡ። የመጀመሪያው ፍላሽ መጽሔት በ1949 ቆመ፤ የጀግኖቹ ማኅበር ታሪክ በ1951 ተቋረጠ። ሽዋርትዝ ስትሬንጅ አድቬንቸርስና ሚስተሪ ኢን ስፔስ የተባሉ የሳይንስ ልብ ወለድ ኮሚኮችን እያዘጋጀ ጊዜውን አለፈ። በ1954 ደግሞ ፍሬድሪክ ዌርታም የተባለ የሥነ አእምሮ ሐኪም ኮሚክ ልጆችን ለወንጀል ይገፋፋል የሚል መጽሐፍ አሳተመ፤ በዚያው ዓመት የአሜሪካ ሴኔት ንዑስ ኮሚቴ ጉዳዩን በአደባባይ መረመረ። አሳታሚዎቹ መንግሥት ሳይደርስባቸው ራሳቸውን ለመቈጣጠር የሳንሱር ደንብ አወጡ። አያሌ አሳታሚዎች በዚህ ማዕበል ሰጠሙ።

ዲሲዎች በ1956 አንድ ሙከራ አደረጉ። ሾውኬዝ በተባለው መጽሔት ቁጥር 4 ላይ የቆመውን ፍላሽ እንደገና ለማስነሣት ተስማሙ፤ ሥራውም ለሽዋርትዝ ተሰጠ። የቀድሞው ፍላሽ ቀርቶባቸው የለም ወይ ለሚሉት የተሰጠው መልስ የልጅ አንባቢ በየአምስት ዓመቱ ያህል አድጎ በሌላ ይተካል፤ ያን ጊዜ ያነብ የነበረው ዛሬ ኮሚክ አይገዛም የሚል ነበር። ሽዋርትዝ ግን አሮጌውን ልብስ አጥቦ ማቅረብ አልፈለገም። ከስሙና ከፍጥነቱ በቀር ሁሉም እንዲለወጥ አደረገ፦ ሌላ ሰው፣ ሌላ ሙያ፣ ሌላ ልብስ፣ ሌላ የኃይሉ ምክንያት። ሮበርት ካኒገር ጻፈው፤ ካርማይን ኢንፋንቲኖና ጆ ኩበርት ሣሉት። አዲሱ ጀግና የፖሊስ ቤተ ሙከራ ባለሙያ ሲሆን፣ ስሙንም የመረጠው በልጅነቱ ያነበበውን የቀድሞውን የፍላሽ ኮሚክ አስታውሶ ነው። በ1959 ግሪን ላንተርን፣ በ1960 የጀግኖቹ ኅብረት፣ በ1961 ሆክማንና አቶም በዚሁ መንገድ ተነሡ። የኅብረቱ መጽሔት በደንብ መሸጡ ተፎካካሪውን አሳታሚ አነቃቅቶ በ1961 ፋንታስቲክ ፎር እንዲወለድ ምክንያት ሆነ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሲኒማ ቤት የገባ ሁሉ ያውቀዋል።

የሽዋርትዝ የሥራ ዘዴ ለሙያው ሰው ልዩ ትኩረት የሚገባው ነው። ብዙ ጊዜ ሽፋኑ አስቀድሞ ይሣላል፤ ታሪኩ ከኋላ ይመጣል። ይህ በግሬስ የታረሰ መስሎ የሚታየው አሠራር የራሱ ምክንያት ነበረው። ኮሚክ ይሸጥ የነበረው በመንገድ ዳር መደርደሪያ ነው፤ ያልተሸጠው ለአሳታሚው ይመለሳል፤ ልጁ ሳንቲሙን የሚያወጣው በሽፋኑ ተማርኮ ነው። በ1951 በስትሬንጅ አድቬንቸርስ ቁጥር 8 ሽፋን ላይ፣ በፍርግርግ ውስጥ የታሰረ ጎሪላ ሰው መሆኑን በጽሑፍ ሲያስረዳ ታየ፤ ዕትሙም ከተለመደው በላይ ተሸጠ። ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ አርታኢ ጎሪላ ካላወጣሁ ስላለ፣ በወር ከአንድ ጎሪላ በላይ እንዳይወጣ ከበላይ ትእዛዝ እስከ መስጠት ተደረሰ ይባላል። ኢንፋንቲኖ አርታኢውን ለማስጨነቅ ሲል መፍቻ የሌለው የሚመስል ሽፋን ይሥላል፤ ሽዋርትዝና ደራሲው ደግሞ መፍቻውን ሲፈልጉ ይውላሉ። በ1966 በወጣው በፍላሽ ቁጥር 163 ሽፋን ላይ ጀግናው እጁን ዘርግቶ፣ ሕይወቱ በእርሱ ላይ የተመሠረተ መሆኑን እየነገረ፣ መንገደኛውን አንባቢ ያስቆማል።

ደራስያኑ በአመዛኙ ሁለት ነበሩ፦ ጋርድነር ፎክስና ጆን ብሩም። ፎክስ በሕግ የተመረቀ፣ ነገር አቀናጅ፣ የተፈጥሮ ሳይንስ ቍንጽል ዕውቀት መሰብሰብ የሚወድ ሰው ነው፤ ብሩም ደግሞ ቀልድና ርኅራኄ የሚታይበት፣ የሽዋርትዝም የቅርብ ወዳጅ ነበር። ደራሲው ቢሮ ይመጣል፤ ሁለቱ ፊት ለፊት ተቀምጠው ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይቀምራሉ፤ ደራሲው ቤቱ ሄዶ ይጽፋል፤ ሲመለስ አርታኢው እርሳሱን አንሥቶ ያርማል። ሽዋርትዝ የማይታገሠው ነገር ምክንያት የሌለው ድርጊት ነበር፤ ጀግናው ከግድግዳ ቢያልፍ እንኳ እንዴት እንዳለፈ አንባቢው ማወቅ አለበት። በዚህ መንገድ የተሠራ ታሪክ የማን ነው? የሐሳቡ ግማሽ የአርታኢው ሊሆን ይችላል። ያም ሆኖ ሽዋርትዝ የደራሲነትን ስም ለራሱ ሲሻማ አልታየም።

ለእኔ እንደሚመስለኝ ትልቁ ሥራው ያለው ከታሪኮቹ ይልቅ በመጨረሻዎቹ ገጾች፣ በአንባብያን ደብዳቤ ዓምድ ላይ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ ጌርንስባክ ያደረገውን እርሱም አደረገ፦ የጸሐፊዎቹን ስም ከነሙሉ አድራሻቸው አሳተመ። ያኔ ለእርሱ የሆነው ሁሉ አሁን በሌሎች ላይ ደረሰ። በዲትሮይት የኮሌጅ መምህር የነበረው ጄሪ ቤይልስና በሚዙሪ ይኖር የነበረው ሮይ ቶማስ በደብዳቤ ተገናኙ፤ ቤይልስ ሽዋርትዝን በቢሮው ጐብኝቶ ከተመለሰ በኋላ በ1961 አልተር ኢጎ የተባለውን መጽሔት ጀመረ። ቶማስ ኋላ፣ በ1972፣ የተፎካካሪው የማርቭል ዋና አርታኢ እስከ መሆን ደርሷል። ሽዋርትዝ ለደብዳቤዎቹ በሚሰጠው መልስ ውስጥ ይህን ታሪክ የጻፈው እገሌ፣ የሣለው እገሌ ነው እያለ ስም ይጠራ ነበር። ስም በማይታተምበት ቤት ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጥሩ ደብዳቤ ለጻፈ አንባቢ የሠዓሊውን ዋና ሥዕል ወይም የታሪኩን ረቂቅ በሽልማት ይልክለት ነበር። አሠራሩ አንባቢውን ያስደስት እንጂ አንድ ነገር ልብ ይሏል፦ ሥዕሉ ለሠዓሊው አልተመለሰም። በዘመኑ ሕግ ሥዕሉ የአሳታሚው ነው፤ ብዙውም ይቀደድና ይጣል ስለ ነበር በአንባቢ እጅ የገባው ተረፈ። አሳታሚው ሥዕሉን ለሠዓሊው መመለስ የጀመረው በ1970ዎቹ ነው።

በ1964 የባትማን መጽሔቶች ሽያጭ ወድቆ ስለ ነበር ሥራው ለሽዋርትዝና ለኢንፋንቲኖ ተሰጠ። ሽዋርትዝ የጠፈር ጭራቆቹን አስወጥቶ ባትማንን ወደ መርማሪነቱ መለሰው፤ በደረቱ ላይ ያለው የሌሊት ወፍ ምልክትም በቢጫ ክበብ ተከበበ። በ1966 የተጀመረው የቴሌቪዥን ፊልም ሽያጩን ወደ ሰማይ ሰቀለው። ለእኛ ጉዳይ የሚበልጠው ግን ከዚህ ቀደም ብሎ የሆነው ነው። ባትማን በ1939 ሲፈጠር ቦብ ኬን ሐሳቡን አቀረበ፤ ቢል ፊንገር ካባውንና ጭንብሉን አስተካከለ፣ ብሩስ ዌይን የሚለውን ስም አወጣ፣ የመጀመሪያዎቹን ታሪኮች ጻፈ። ኬን ከአሳታሚው ጋር በተዋዋለው መሠረት ግን በየገጹ ይወጣ የነበረው የእርሱ ስም ብቻ ነበር። ፊንገር ለሩብ ምዕተ ዓመት ያህል በገጽ ሒሳብ እየተከፈለው ስም የለሽ ሆኖ ጻፈ። በፌብሩዋሪ 1965 በወጣው ባትማን ቁጥር 169 የደብዳቤ ዓምድ ላይ ሽዋርትዝ እንቈቅልሽ ነጋሪውን ወንጀለኛ፣ ሪድለርን፣ የፈጠረው ቢል ፊንገር መሆኑን በግልጽ ጻፈ። በዚያው ዓመት ፊንገር በኒውዮርክ በተደረገው የኮሚክ አፍቃርያን ጉባኤ ላይ ተገኘ፤ ቤይልስም አነጋግሮት የባትማንን እውነተኛ አመጣጥ የሚያስረዳ ጽሑፍ አሠራጨ። ኬን ይህን በረጅም ደብዳቤ አስተባበለ። የተቀደሰ ይመስል የነበረው ውል የተሸነቈረው በፍርድ ቤት ሳይሆን፣ በመጨረሻው ገጽ ላይ በጥቃቅን ፊደል በታተመ የአርታኢ መልስ ነው።

ወደ 1960ዎቹ መጨረሻ ግን የዚያኑ ወንበር ሌላ ገጽታ እናያለን። ለረጅም ዓመታት ያገለገሉ ደራስያን፣ ከእነርሱም መካከል ፎክስ፣ አርኖልድ ድሬክና ፊንገር፣ የጤና መድንና የተሻለ ክፍያን የመሳሰሉ ጥያቄዎችን ለአሳታሚው አቀረቡ። ጥያቄው ተቀባይነት አላገኘም። ከዚያ ወዲያ ሥራ እየቀነሰባቸው ሄደ፤ ከ1968 ገደማ በኋላ ፎክስ በዚያ ቤት አልታየም፣ ልብ ወለድ እየጻፈ ኖረ። ብሩምም ከሙያው ወጥቶ ኋላ በጃፓን የእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህር ሆነ። ሽዋርትዝ ደመወዝተኛ ነበርና በወንበሩ ቀረ። የቀድሞው የደራስያን ወኪል በዚህ ጊዜ የአሳታሚው ሰው ነበር። በእርሱ ላይ መፍረድ ቀላል ነው፤ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሠራተኛ ሌላ ምን ሊያደርግ ይችል ነበር ማለትም ቀላል ነው። ይህ ጸሐፊ ሁለቱንም ለማለት አይደፍርም። ነገር ግን ለደብዳቤ ጸሐፊ ሥዕል የሸለመ ቤት ለደራሲው የሐኪም ወጪ መከልከሉን ታሪኩን የሚጽፍ ሁሉ ጎን ለጎን ሊያስቀምጠው ይገባል።

በለቀቁት ምትክ ወጣቶች መጡ። የጋዜጣ ሪፖርተር የነበረው ዴኒስ ኦኒልና ሠዓሊው ኒል አዳምስ ከ1970 ጀምሮ በሽዋርትዝ አርታኢነት ግሪን ላንተርንን ወደ አሜሪካ ጎዳናዎች አወረዱት፤ በመጀመሪያው ታሪክ አንድ ጥቁር ሽማግሌ፣ ጀግናው በሌሎች ዓለማት ላሉ ባለ ልዩ ልዩ ቀለም ፍጡራን ሲደክም ለጥቁሮች ምን እንዳደረገ ይጠይቀዋል፤ ጀግናው መልስ አጥቶ አንገቱን ይደፋል። በ1971 ስለ ሄሮይን ሱስ የሚናገሩ ሁለት ዕትሞች ሲወጡ የኒውዮርክ ከንቲባ ጆን ሊንድሴይ የምስጋና ደብዳቤ ላኩ። መጽሔቱ ግን ብዙም ሳይቆይ በ1972 ተቋረጠ።

ዋይሲንገር በ1970 ጡረታ ሲወጣ ሱፐርማን ከወጣትነት ባልንጀራው እጅ ወደ ሽዋርትዝ ተላለፈ። እዚያም የስም ጉዳይ ጠበቀው። ጄሪ ሲገልና ጆ ሹስተር ሱፐርማንን በ1938 በ130 ዶላር ሸጠው፣ ኋላም በክርክር ተሸንፈው፣ ስማቸው ከመጽሔቱ ተፍቆ ነበር። በ1975 መጨረሻ የሱፐርማን ፊልም ሲታሰብ ሠዓልያንና ደራስያን ባሰሙት ጩኸት አሳታሚው ዓመታዊ አበል ሊከፍላቸው ተስማማ፤ ሽዋርትዝ በሚያዘጋጃቸው መጽሔቶች ላይም የሁለቱ ስም እንደገና መታተም ጀመረ። በ1985 ደግሞ ባልደረቦቹ ሰባኛ የልደት በዓሉን ለማክበር፣ እርሱ ራሱ አርታኢ የሆነበትን የሱፐርማን ቁጥር 411 ከእርሱ ደብቀው አዘጋጁ፤ ምስሉም በሽፋኑ ላይ ወጣ። ከቢሮው ሳይወጣ አንድ ሙሉ ዕትም ያመለጠው አርታኢ ምናልባት እርሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

በ1986 ሥራውን ሲለቅ የመጨረሻውን የሱፐርማን ታሪክ ሲገል ራሱ እንዲጽፈው ፈልጎ ነበር፤ ሕጋዊ ችግር ስላጋጠመ አላን ሙር ጻፈው። ከዚያ በኋላ የአሳታሚው ተወካይ ሆኖ በየጉባኤው ይዞር ነበር፤ በ2000 የሕይወት ታሪኩን አሳተመ። በእነዚያ ዓመታት ስለ ነበረው ጠባይ በሙያው የተሰማሩ ሴቶች በአደባባይ ከባድ ክስ አቅርበዋል፤ ያላግባብ ይነካካን ነበር ብለዋል። ይህም ከታሪኩ ሊፋቅ አይገባውም፤ የሰዎችን ስም ያወጣ ሰው ታሪክ ሲጻፍ የእነዚህ ሴቶች ቃል ሊዘለል አይችልምና። ሽዋርትዝ ፌብሩዋሪ 8 ቀን 2004 በ88 ዓመቱ ዐረፈ።

ፊንገር በ1974 በድህነት ሞቶ ነበር። ኬን በ1989 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ ለባልደረባው የሚገባውን እንዳልሰጠው አመነ። በ2015 አሳታሚው የቢል ፊንገር ስም በባትማን ፈጣሪነት ከኬን ስም ጋር እንዲወጣ ተስማማ። ሽዋርትዝ በደብዳቤ ዓምዱ ላይ ያንን ስም ካተመ 50 ዓመት ሆኖት ነበር።